የእህል መጋዘን ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ነው፤ ሐሳብ አምጡ

የሰፈሩ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ወረዳችን አንድ የድሮ የእህል መጋዘን ቤተ መጻሕፍት ሊያደርገው ነው። እኔም ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። ያለን አንድ ሰፊ አዳራሽ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። አዛውንቶቹ "ጸጥታ ከሌለው ምኑን ቤተ መጻሕፍት ሆነ?" ይላሉ። እኔ ደግሞ ሕፃኑም፣ ዕድርተኛውም፣ ሥራ ፈላጊውም እንዲገባበት ነው የምፈልገው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ማኪያቶ፦
ፊንላንድ፣ ሄልሲንኪ ያለውን ኦዲ የሚባል ቤተ መጻሕፍት ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ2018 ነው የተከፈተው። እንደኛው አብርሆት እሱም ፓርላማ አጠገብ ነው። ሦስት ደረጃ አለው፦ ካፌና ግርግሩ ታች፣ ስፌት መኪናና ስቱዲዮው መሃል፣ መጻሕፍቱ ላይ። ድምፁን በፎቅ ለይተውታል። አንተ ፎቅ ባይኖርህም ጥግ አለህ። ልጆቹን በሩ ጋ፣ አንባቢውን ከወዲያ ጫፍ አድርግ።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ በቤተ መጻሕፍት ሥራ ነው ያረጀሁት። ኮርኒስ ሳታስመታ አንድም መጽሐፍ እንዳታስገባ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንኳን ማንበብ መደማመጥም የለም። ሶኬት አብዛ፤ ተማሪ ስልኩን ቻርጅ ካላደረገ አይቀመጥም። የሴቶች ሽንት ቤት ደግሞ ከነውሃው። መጋዘን ከነበረ አይጥ አይጠፋም፣ እሱን ቀድማችሁ አጥፉ። ወረቀት ይወዳል!

የሰፈሩ ልጅ፦
አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኮርኒሱን ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ። ዕድሩ ግን ወንበሩንና ድስቱን እዚያው ላስቀምጥ እያለ ነው። ልፍቀድ?

ጡረተኛው፦
ወንበሩ ይግባ፣ ለናንተም ይሆናል። ድስቱ ግን በፍጹም!