ፖሊኖሚያል ዲግሪው 3 ከሆነ ግዴታ 3 ዜሮ አለው እንዴ?

ግራፍ ያስጠላው፦
ሰላም ጓዶች፣ 10ኛ ክፍል ነኝ ፖሊኖሚያል ላይ ተጣብቄ ቀርቻለሁ። ደብተሬ ላይ ዲግሪ 3 (ትልቁ የኤክስ ፓወር 3) ማለት 3 ዜሮ (ግራፉ ኤክስ አክሲስን የሚያገኝበት ቦታ) እና 2 ተርኒንግ ፖይንት (መታጠፊያ) ይላል፣ እኔ ግን ኤክስ ኪዩብን ነጥብ በነጥብ ስስለው ኤክስ አክሲስን የሚያገኘው አንዴ ብቻ ነው፣ የሚታጠፍበትም ቦታ የለም ዝም ብሎ ሽቅብ ይወጣል። ዎርክሺት ላይ ደሞ 4 ቦታ የሚታጠፍ ግራፍ ሰጥተው ትንሹ ዲግሪ ስንት ነው ሲሉ 4 ብዬ ኤክስ ተደረገብኝ 😩

ቾክ የጨረሰ፦
ከደብተርህ አንድ ቃል ነው የጠፋው፣ "ቢበዛ"። ዲግሪ 3 ቢበዛ 3 ዜሮ፣ ቢበዛ 2 መታጠፊያ። ታክሲው 12 ሰው ይጭናል ስለተባለ ሁሌ 12 ሰው አለበት ማለት አይደለም።
አሁን እርሳስ አንሳና ኤክስ ኪዩብ ሲቀነስ 3ኤክስ ሲደመር 2ን ሳለው። ነጌቲቭ 2 ላይ አክሲሱን ቆርጦ ያልፋል፣ ነጌቲቭ 1 ላይ ቁመቱ 4 ደርሶ ይታጠፋል፣ 1 ላይ አክሲሱን ነክቶ ይመለሳል። እዛ ጋ ዜሮው ድርብ (ሁለቴ የሚደገም) ስለሆነ ነው የማይቆርጠው። ስለዚህ 2 ዜሮ 2 መታጠፊያ። ከዛ ሙሉ ግራፉን በ2 ዝቅ አድርገው፣ 3 ዜሮ ይሆናል። ከመጀመሪያው ቦታ በ1 ከፍ ብታደርገው ደሞ 1 ዜሮ ብቻ ይቀራል፣ መታጠፊያዎቹ ግን ያው 2 ናቸው፣ ወደላይ ወደታች ስላንቀሳቀስከው አይጠፉም። ዜሮና መታጠፊያ ለየብቻ ነው የሚቆጠሩት፣ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ማታ አጥኚ፦
የኛ ሰፈር ታክሲ ግን ከዲግሪው በላይ ነው የሚጭነው 😂
የ4ቱን ጥያቄ በተመለከተ፣ መታጠፊያው ቢበዛ ከዲግሪው በ1 ያንሳል፣ ስለዚህ ለ4 መታጠፊያ ትንሹ 5 ነው። ዲግሪ 4 ሲሆን ሁለቱም ጫፍ ወይ ወደላይ ወይ ወደታች ነው፣ እና ወርዶ ለመውጣት መታጠፊያው ጎዶሎ ቁጥር መሆን አለበት፣ 1 ወይ 3፣ 2 መቼም አይሆንም። ዲግሪ 3 ላይ ደሞ 2 ወይ 0፣ ያንተ ኤክስ ኪዩብ ባለ 0ው ነው። ምክንያቱ 12ኛ ክፍል ዴሪቬቲቭ ስትማር ይገባሃል።

ግራፍ ያስጠላው፦
ቆይ ታዲያ ምንም ዜሮ የሌለው ፖሊኖሚያል ይኖራል ማለት ነው?

ቾክ የጨረሰ፦
ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 1፣ ሳለውና እየው። ሪል ዜሮ የለውም፣ ማለት ግራፉ አክሲሱን ጭራሽ አያገኘውም። ዲግሪው ጎዶሎ ከሆነ ግን አንዱ ጫፍ ወደላይ አንዱ ወደታች ስለሚሄድ የግድ አንዴ አክሲሱን ይቆርጣል።

ግራፍ ያስጠላው፦
እሺ ገባኝ፣ ደብተሬ ላይ "ቢበዛ" በቀይ ጻፍኩ 🙏