ሳይዘለል የሚሰማ አልበም ጠቁሙኝ፤ የካሴት ጥያቄም አለኝ

ጥያቄ፦ ባለ ከባዱ መኪና (ቨርጂኒያ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ሥራዬ ከባድ መኪና መንዳት ነው። ከቨርጂኒያ ተነስቼ ቴክሳስ ድረስ የምወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። ሙዚቃ ከሌለ መንገዱ አይገፋም። እስካሁን ዩቲዩብ ያመጣልኝን ነበር የምሰማው። አንዱ ዘፈን ልቤን ሲነካው ቀጥሎ ጭራሽ የማይገናኝ ነገር ይመጣና ስሜቴን ይቆርጠዋል። አሁን አልበሙን ሙሉውን፣ ዘፋኙ በደረደረው ተራ መስማት ጀምሬያለሁ። በጣም ወድጄዋለሁ።

ሰሞኑን ምን አልበም እየሰማችሁ ነው? ዘፈን ሳይዘለል የሚሰማ ይሁን እንጂ አዲስም አሮጌም አልመርጥም። ተራራማው መንገድ ላይ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ስልኬ ላይ መጫን አለብኝ።

ሌላው ደግሞ ከአገር ቤት የመጡ ሁለት ካሴቶች አሉኝ፤ የኩኩ ሰብስቤና የኤፍሬም ታምሩ። ወደ ስልክ ልገለብጣቸው ፈልጌ ነበር። የኩኩ ድምፁ ታፍኗል። የኤፍሬም ደግሞ እየተጎተተ ነው የሚሄደው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የፒያሳ ልጅ

ወንድሜ፣ ቀኑን መሪ ላይ ለሚውል ሰው ኪቦርድ ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን የሚያህል የለም። ሰሞኑን የምሰማው እሱን ነው። እሱ የሚጫወትበት ዋልያስ ባንድ በ1981 አሜሪካ ለኮንሰርት ሲመጣ ኃይሉ እዚሁ ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ለብቻው አንድ አልበም ሠራ፤ «ሸሞንሟናዬ»ን። አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ነው ያለው። አኮርዲዮኑ ዜማውን ይዞ ሲሄድ ከሥር ያለው ምት አይቸኩልም፣ አይዘገይም። «አምባሰል» አለበት፣ «ሽለላ» አለበት። ለሌሊት መንገድ ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለኝ።

ደግሞ ሰውየው ያንተን ኑሮ ያውቀዋል። ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቷል። ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ የዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ እየዞረ፣ ኤርፖርት ደንበኛ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። አልበሙ በ2013 በድጋሚ ከታተመ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ»ን አወጣ። ሁለቱንም ከባንድካምፕ ገዝተህ ማውረድ ትችላለህ። ፍላክ የሚለውን የፋይል ዓይነት ምረጥ፤ የድምፁ ጥራት አይቀንስም። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።)

መልስ፦ እህታችሁ ከሃይፋ

እኔ ሰሞኑን የያዝኩት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን «ሱቨኒርስ» ነው። ብዙ ሰው እማሆይን በፒያኖ ብቻ ነው የሚያውቃቸው። እዚህ ላይ ግን በአማርኛ ይዘምራሉ። አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ፣ በፈረንጅ ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ፣ በቴፕ የቀዱት ነው። አልበም ሆኖ የወጣው በ2024 ነው፤ ካረፉ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ። ከመስኮቱ ውጪ ወፎች ሲንጫጩ ይሰማል። የተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ሲንሲያጠጥም ይሰማል። ስቱዲዮ ቢሆን ያ ሁሉ ይጠፋ ነበር።

አደራህን ግን እየነዳህ አትስማው። ድምፁ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ጩኸት ይውጠዋል። መኪናውን አቁመህ፣ ጋደም ብለህ፣ በጆሮ ማዳመጫ ስማው። እዚህ እስራኤል፣ ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ ነበር የመጨረሻዎቹን አሥርት ዓመታት ያሳለፉት። አበሻው ሁሉ ኩራቱ ናቸው።

መልስ፦ ሸክላ ሰብሳቢው

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስትፈልግ እንዳትደናገር። በፈረንጅ 1969 አምሃ እሸቴ የራሱን የሙዚቃ ኩባንያ ሲከፍት ብዙው ሥራ የሚወጣው በትንሿ ሸክላ ነበር፤ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን፣ በሌላው ፊት አንድ ዘፈን። ስለዚህ «ኢትዮፒክስ» የሚባለው ተከታታይ ብዙው ከሸክላ የተለቀመ ስብስብ ነው። ተራውን ያወጣው አዘጋጁ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው እንጂ ዘፋኞቹ አይደሉም። የማህሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ»ም በ1986 ቤልጂየም ውስጥ ሲወጣ ቀደም ብለው ከተቀዱ ሥራዎቹ የተሰባሰበ ነው። ድንቅ ነው፣ ስማው። አንተ የፈለግከው ዓይነት አልበም ግን አይደለም።

ከዚያ ዘመን አልበም ተብሎ የተሠራ ከፈለግክ የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አለልህ፤ 1972፣ ኒውዮርክ። ሰርግ ላይ የምንጨፍርበት «ኩሉን ማን ኳለሽ» በመሣሪያ ብቻ ሲጫወት ትሰማለህ። ከዚያ የዋልያስ ባንድን «ቼ በለው» ያዝ፤ 1977። የግርማ በየነ «ሙዚቃዊ ስልት» ያለው እሱ ላይ ነው።

መልስ፦ መኪ ከአዳማ

እኔ ደግሞ የእጅጋየሁ ሽባባውን፣ የጂጂን አልበም እላለሁ፤ በፈረንጅ የ2001ዱን። ቢል ላስዌል ነው ያዘጋጀው። የጃዝ ሰዎቹ እነ ኸርቢ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮህ ሳንደርስ ተጫውተውበታል። ግን ማንም አልዋጣትም፤ የቻግኒዋ ልጅ ድምፅ ከሁሉም በላይ ነው የሚሰማው። «መንገደኛ» የሚል ዘፈን አለበት፣ ለአንተ ነው። «ዓባይ»ና «አድዋ»ም እዚያው ናቸው።

ከአዲሶቹ የሮፍናን «ነጸብራቅ»። 2018 ሲወጣ ሰፈሩ ሁሉ እሱን ነበር የሚያስጮኸው። ኤሌክትሮኒክ ነው፣ ምቱ ግን የአገር ቤት ነው። እንቅልፍ ሲጫንህ እሱን ክፈት። እንቅልፉ ከባሰብህ ግን ሙዚቃ መፍትሔ አይሆንህም፤ መኪናውን አቁመህ ተኛ ወንድምዬ።

መልስ፦ ቴፕ ሠሪው (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ስለ ካሴቱ እኔ ልንገርህ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩበት ሥራ ነው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የካሴቱ ይሁን የቴፑ ለይ። ሌላ ካሴት ቴፑ ውስጥ ክተት። እሱም ከታፈነ ወይ ከተጎተተ ችግሩ ቴፑ ላይ ነው። ሌላው ደህና ከሄደ ችግሩ ካሴቱ ላይ ነው። ሰው ይህን ሳያጣራ ነው ብሎን የሚፈታው።

ቴፑ ካፈነ ብዙ ጊዜ ሄዱ (ክሩን የሚያነበው ብረት) ቆሽሾ ነው። የጆሮ ጥጥ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ነክረህ ሄዱን ጥረግ። ጥጡ ላይ ቡናማ ነገር መምጣቱ እስኪያቆም ደጋግመው። ሳይደርቅ ካሴት እንዳትከት። ዶልቢ የሚል ማብሪያ (የካሴት ሽሽታ መቀነሻ) ካለው አጥፋው፤ ያለ ዶልቢ የተቀዳ ካሴት በዶልቢ ሲጫወት ይታፈናል። ቴፑ የሚጎትት ከሆነ ደግሞ ከሞተሩ ኃይል የሚያቀብለው የጎማ ቺንጋ ላልቶ ነው ብዙ ጊዜ። ቺንጋው በርካሽ ይገኛል፤ የቴፕህን ሞዴል ጽፈህ እዘዝ።

ካሴቱ ራሱ ከታፈነ ክሩ ወጥቶ በሚታይበት ጠርዝ በኩል ተመልከት። ክሩን ወደ ሄዱ የምትገፋ ትንሽ ስፖንጅ አለች። ከወደቀች ድምፁ ይርቃል። ካሴቱ ከተጎተተ ደግሞ ለዓመታት ሳይሰማ ተቀምጦ ክሩ ተጣብቆ ይሆናል። እስከ መጨረሻ አጠንጥነው፣ መልሰህም አጠንጥነው፣ ከዚያ ሞክረው።

ስትገለብጥ በዩኤስቢ የሚሠሩትን ርካሽ ማጫወቻዎች አልመክርህም፤ ፍጥነታቸው ይዋዥቃል። ያገለገለ ግን ደህና የሆነ ዴክ (ትልቁን የካሴት ማጫወቻ) ፈልግ። ከኋላው ካለው ላይን አውት ከሚለው የድምፅ መውጫ ገመድ አውጥተህ በትንሽ የዩኤስቢ ድምፅ መቀበያ በኩል ወደ ላፕቶፕ አስገባ። የላፕቶፑን የማይክ ቀዳዳ አትጠቀም፣ ብዙ ጊዜ ሞኖ ነው፤ ግራና ቀኙን ለይቶ አይቀዳም። ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ከፍተኛው ድምፅ ሲቀነስ 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን አስተካክልና አንዱን ፊት ሳታቋርጥ ቅዳው። በዌቭ (ባልታመቀ የድምፅ ፋይል) ስትቀዳ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ከካሴቱ ጀርባ ያሉት ሁለት ጥርሶች መሰበራቸውን እይ። ካልተሰበሩ ስበራቸው፤ አለበለዚያ በስህተት ልትቀዳበት ትችላለህ።

መልስ፦ እህታችሁ ከሃይፋ

የሽፋኑን ወረቀትም ፎቶ አንሳው፤ ፊትና ጀርባውን። ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው ያለው። ዩቲዩብ ላይ የዘፋኙ ስም ብቻ ይቀርና ገጣሚውም አቀናባሪውም ይረሳሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ያን ሥራ የሠሩት እነሱም ናቸው እኮ። ኤልያስ መልካ ያቀናበረውን የኢዮብ መኮንንን «እንደ ቃል» ስሙ። ቅንብሩን ብታወጡት የሚቀረው ግማሹ ነው።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ኃይሉንና ጂጂን ጭኛለሁ፣ እማሆይን ለማረፊያዬ አስቀምጫለሁ። ጋሼ፣ እንዳሉኝ ሄዱን ጠረግኩት፤ የኩኩ ድምፅ ቁልጭ ብሎ መጣ! የኤፍሬም ግን ሌላ ቴፕ ላይም ይጎተታል። አጠንጥኜ መልሻለሁ፣ ብዙም አልተሻለውም። ሌላ ጥያቄ ደግሞ፣ ስልኩ ዘፈኖቹን በፊደል ተራ ይደረድራቸዋል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መኪ ከአዳማ

የፋይሉ ስም መጀመሪያ ላይ 01፣ 02፣ 03 እያልክ ጻፍ። ዘፈኖቹን የሚያዘበራርቀውን፣ ሻፍል የሚለውንም አጥፋው።

መልስ፦ ቴፕ ሠሪው (አዲስ አበባ)

እንኳን ደስ አለህ ልጄ። የኤፍሬም እንግዲህ ቤቱ፣ ማለትም የፕላስቲክ ሽፋኑ፣ ሳይበላሽ አይቀርም። በብሎን የሚከፈት ባዶ ካሴት ግዛ። የአሮጌው ቤት ብሎን ካለው አምስቱንም ፍታ። ብሎን ከሌለው ተጣብቋል ማለት ነው፤ በቀጭን ምላጭ ከጠርዙ ጀምረህ ቀስ ብለህ ክፈተው። ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ ክፈት፣ እንዳታነሳው። ሁለቱን መጠንጠኛዎች ከነክራቸው አንስተህ አዲሱ ቤት ውስጥ አስቀምጥ። ከሥርና ከላይ ያሉትን ስስ ፕላስቲኮች እንዳትረሳ፤ እነሱ ከሌሉ እንደገና ይጎተታል። ክሩን በጣትህ አትንካው። ሁለቱ ትንንሽ መዘውሮች ቦታቸው ላይ መሆናቸውን አይተህ ግጠመው። ብሎኑን እስከ መጨረሻ አታጥብቀው።