የአያት ብስክሌት፦ ማን ሠራው? መቼ? ማንን መጠየቅ፣ በምን ማጽዳት ያዋጣል? (ጥቆማ)

«አያቴ የነዱት ብስክሌት ነው፤ የማን ሥራ እንደሆነና ዕድሜው ስንት እንደሆነ የሚነግረኝ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የእኔ ጥቆማ ይኸውና። ጠያቂው ከማንም በፊት ሊሰማው የሚገባው ነገር ግን አሁን እንዳይቀባው ነው። የተላጠው ቀለም፣ ግማሹ የጠፋው ጽሑፍ፣ ከመሪው በታች ፊት ለፊት ያለችው የስም ሰሌዳ ሁሉ ማስረጃ ናቸው። እንደ አዲስ ያብረቀረቀ ብስክሌት ያምራል፤ ማንነቱን መለየት ግን በጣም ይከብዳል።

ከጽዳቱ ልጀምር። የቴላዮው (የብስክሌቱ የቱቦ አካል) ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ኮርቻው የሚገባበት ቱቦ ጫፍ ላይ፣ ወይም ብስክሌቱ ሲገለበጥ ፔዳሎቹ የሚዞሩበት ወፍራም ቱቦ ሆድ ላይ ነው። እዚያ የተጋገረውን ቅባት ለማስለቀቅ ነጭ ጋዝ የነካው ጨርቅና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ዝገት የሚያስለቅቅ ስፕሬይ ለተጣበቀ ቡሎን አንደኛ ነው፤ ለቁጥር ፍለጋ ግን አያስፈልግም፣ ተለጣፊ ጽሑፍ ላይ ከደረሰም ሊያነሳው ይችላል። የብረት ብሩሽና ብርጭቆ ወረቀት ጨርሶ አይነካው። ኦክሳሊክ አሲድ ዝገትን በደንብ ይበላል፣ ቀለሙንም አብሮ ሊያደበዝዝ ስለሚችል ምርመራው ሳያልቅ አልመክረውም። ቁጥሩ ከታየ በኋላ ነጭ ጠመኔ አሹበትና ላዩን በጣት ጥረጉት፤ ጠመኔው በተቀረጹት ጎድጓዳዎች ውስጥ ይቀርና አሃዞቹ ይነበባሉ። ያም ካልሠራ ጨለማ ውስጥ የስልክ መብራት ከጎን ማብራት ነው።

ዕድሜን ቶሎ ለማወቅ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የኋላውን ሞዞ (ጎማው የሚዞርበትን የመሃል ክፍል) አምናለሁ። ስተርሚ-አርቸር የሚል የእንግሊዝ ሞዞ ሠሪ ስም ከተጻፈበት ተገላግላችኋል ማለት ይቻላል። ኤ ደብልዩ የተባለው ባለ ሦስት ማርሽ ሞዟቸው የወጣው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንደዚያው ናቸው)። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠሩት ላይ አንዲት አሃዝ ብቻ ታገኛላችሁ፤ 8 ማለት 1938 ነው። በ1950ዎቹ ዓመቱም ወሩም አለ፤ 52 እና 7 ካያችሁ ጁላይ 1952 ነው። የብሩክስ ኮርቻም አንዳንዱ ከኋላው ብረት ላይ ዓመት ተመትቶበታል። ነገር ግን ጎማና ኮርቻ ይቀየራሉ። ሞዞው የሚነግራችሁ የራሱን ልደት እንጂ የቴላዮውን አይደለም። ሞዞው፣ ኮርቻውና ቁጥሩ ወደ አንድ ዘመን ሲያመለክቱ ብቻ «ይኼ ነው» በሉ።

የሠሪው ጉዳይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሦስት ጠብመንጃ ተደግፈው የቆሙበት ምልክት የበርሚንግሃሙ ቢ.ኤስ.ኤ. ነው፤ ይህ ኩባንያ ግን ሙሉ ብስክሌት ብቻ ሳይሆን ክፍሎችንም ለሌሎች ሠሪዎች ይሸጥ ነበር። ስለዚህ የፔዳሉ ክንድ ላይ ጠብመንጃዎቹን ማየት ብስክሌቱን ቢ.ኤስ.ኤ. አያደርገውም። ካቴናው የሚዞርበትን የፊት ጥርስ በደንብ ተመልከቱት፤ መሃሉ የተቆረጠበት ቅርጽ የሠሪው ፊርማ ነው። ከእንግሊዝ ሠሪዎች የእጅ መዳፍ ራጅ፣ አምስት ሰዎች ሃምበር፣ የሽመላ ራስ ራሌይ ነው። ሃምበር በተጨማሪ የፊት ሹካው በየጎኑ ሁለት ሁለት ቀጫጭን ቱቦ ስላለው ከሩቅ ይታወቃል።

እዚህ ጋ ግን ሌላ ጣጣ አለ። የኖቲንግሃሙ ራሌይ ተቀናቃኞቹን እየገዛ ሄዷል፦ ሃምበርን በ1932፣ ራጅን በ1943፣ ትራያምፍን በ1954፣ የቢ.ኤስ.ኤ.ን የብስክሌት ክፍል በ1957። ከዚያ ወዲያ የድሮው ስምና ምልክት ይቀጥላል፣ ብስክሌቱ ግን የራሌይ ሥራ ነው። የ1960 «ቢ.ኤስ.ኤ.» ይዞ የበርሚንግሃም ሥራ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ስሙን ይዞ ሠሪውን ስቷል።

ቅርጽ አይቶ ዕድሜ መገመትም አያዋጣም። ጥቁር፣ በዘንግ የሚሠራ ፍሬን ያለው፣ ባለ 28 ኢንች ጎማ ብስክሌት ለአሥርት ዓመታት ብዙም ሳይለወጥ ተሠርቷል። ከ1950 ጀምሮ በቻይና ቲያንጂን የተሠራው ፍላይንግ ፒጅን መልኩን የወሰደው ከዚሁ የእንግሊዝ ዓይነት ነው፤ በ1956 በህንድ ሉዲያና የተቋቋመው ሂሮም ይህን ዓይነት ሲሠራ ኖሯል። የ1920ዎቹ የሚመስለው የ1970ዎቹ ሊሆን ይችላል። ቀለምማ ከሁሉ የባሰ ምስክር ነው፤ ሰማያዊ አረንጓዴ ሁሉ በዚያ ቀለም የሚታወቀው የጣሊያኑ ቢያንኪ አይደለም።

ማንን መጠየቅ? ለእንግሊዝ ሥራ የመጀመሪያ ምርጫዬ በ1955 የተመሠረተው ቬተራን-ሳይክል ክለብ ነው። ለየስሙ የተካኑ አባላት አሏቸው፤ መልሳቸው «ይመስላል» ብቻ ሳይሆን «በዚህ ምክንያት» የሚል ነው። ለአሜሪካ ሥራ፣ በተለይ የፊት ጎማው ግዙፍ ለሆነው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ዓይነት፣ ከ1967 ጀምሮ ያለው ዘ ዊልመን የተባለ ክለብ ይሻላል። የራሌይ ሰነዶች በኖቲንግሃምሻየር የታሪክ ማኅደር፣ የብሪታንያ ብሔራዊ የብስክሌት ማኅደር ደግሞ በዎሪክ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። እነዚህ ካታሎግ ገልጦ ለሚያመሳክር ሰው ወርቅ ናቸው፤ የደበዘዘ ፎቶ ልኮ «ምንድን ነው?» ለሚል ግን ቦታቸው አይደለም።

ኢንተርኔት ላይ ያሉ የቁጥር ሠንጠረዦች እንደ ሠሪው ይለያያሉ። ለአሜሪካው ሠሪ ሽዊን ከ1948 ወዲህ ላሉት ጥሩ ይሠራሉ። ለራሌይ ግን ቁጥሮቹ ስለሚደጋገሙ ሠንጠረዡ ብቻውን አይታመንም፤ እዚያ ሞዞው ይቅደም። በ2008 ያረፈው አሜሪካዊው የብስክሌት ባለሙያ ሼልደን ብራውን የተወው ድረ ገጽ ለአሮጌ ራሌይና ለስተርሚ-አርቸር አሁንም በነፃ ከሚገኙት ሁሉ ይበልጥብኛል። አጫራቾችንና ዋጋ ገማቾችን መጨረሻ ላይ አድርጓቸው፤ ሥራቸው ስንት ያወጣል የሚለው ነው።

ሰሌዳውም ቁጥሩም ጠፍቶ ከሆነ አንድ መሣሪያ ልጠቁም፦ የቡሎን ጥርስ መለኪያ፣ ከካሊፐር (ስፋት መለኪያ) ጋር። ፔዳሎቹ የሚዞሩበት ቱቦ የቡሎን ጥርስ በኢንች 24 ከሆነ የተለመደው የእንግሊዝ ልክ ነው፣ 26 ከሆነ ራሌይ የራሱ ያደረገው ነው። ስፋቱ 36 ሚሊሜትር ከሆነ ጣሊያን፣ 35 ሆኖ ጥርሱ በ1 ሚሊሜትር ከሄደ ፈረንሳይ ነው። ሠሪውን በስም አይነግራችሁም፣ የምትፈልጉበትን አገር ግን ያጠብባል።

ለክለብ ስትጽፉ ፎቶውን ካቴናው ባለበት ጎን፣ ብስክሌቱን ባዶ ግድግዳ አስደግፋችሁ አንሱ። የስም ሰሌዳውን፣ ቁጥሩን፣ የፊት ጥርሱን፣ የሹካውን ራስና የሞዞውን ጽሑፍ ለየብቻ አቅርባችሁ ጨምሩ። የቤተሰብ ወሬውንም ጻፉ፣ ግን «ሲባል የሰማነው» ብላችሁ ለይታችሁ።