ለማንገቻው ቀብድ ክፈሉ፣ ለመነፅሩ ግን ቆዩ

ከሐይቅ አንድ ወንድማችን ጠይቋል። አባቱ ያስመዘገቡት፣ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ አላቸው። ማንገቻ፣ የሚቆለፍ የብረት ሳጥንና ማነጣጠሪያ መነፅር ሊገዛላቸው አስቧል። የመነፅሩ ሻጭ «ሙሉውን ቀድመህ አስገባ፣ ፈቃዱን እኔ እጨርሳለሁ» ብሎታል። ልክፈል ወይስ ልተው ነው ጥያቄው።

ማንገቻው ቀላል ነው። ደሴ ቆዳ የሚሠሩ ሰዎች ጋ አሠሩት። ከውጭ የሚመጣው የናይለን ማንገቻ ርካሽ ነው፤ ትከሻ ላይ ግን ይንሸራተታል። የቆዳውን ስፌት ገልብጣችሁ እዩ። ክሩ ድርብ ካልሆነ፣ ዘለበቱ የሚገባበት ቦታ ላይም ቆዳው ካልተደረበ ቶሎ ይበጠሳል። ቀብድ ቢጠይቋችሁ የቆዳ መግዣ ያህል ነው፤ ክፈሉ።

ሳጥኑን ኮምቦልቻ ብታሠሩ ይሻላል ባይ ነኝ። ብየዳ ቤቶቹ ግማሽ ቀብድ ይጠይቃሉ። ላሜራ የሚገዙበት ስለሆነ አልቃወምም። ግን ላሜራው ስንት ሚሊ እንደሆነ ወረቀት ላይ ይጻፍ። 2 ሚሊ ተብሎ ስስ ላሜራ ተበይዶ፣ ቀለም ከተቀባ ማን ያውቃል? ማጠፊያው ከውስጥ ይሁን። ከጀርባው ደግሞ ግድግዳ ላይ በቡሎን የሚታሰርበት ቀዳዳ ይበሳ። አለዚያ ሌባ ሳጥኑን ከነጠመንጃው ተሸክሞት ይሄዳል።

አሁን ወደ መነፅሩ። እዚህ ላይ የምጠቁመው ሻጭ የለኝም።

ማንገቻ ቢዘገይ ሱቁ በር ላይ ቆመህ ትጨቃጨቃለህ። ሳጥን ቢበላሽ ብረቱ እዚያው አለ። የጦር መሣሪያ ንግድ ግን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ነው፤ ፈቃድ የሚሰጠውም ሻጩ ሳይሆን መንግሥት ነው። ስለዚህ «ፈቃዱን እኔ እጨርሳለሁ» የሚል ሰው በእጁ የሌለውን ነው የሚሸጥላችሁ። ፈቃዱ ቢከለከል ዕቃው አይመጣም፤ ገንዘቡ ግን ሄዷል።

በቴሌግራም የሚሸጡት ደግሞ ይብሳሉ። አካሄዳቸው አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ፎቶ ይልካሉ። በቴሌብር ስታስገቡ «ተባረክ ወንድሜ» ይላሉ። ከሳምንት በኋላ የድምፅ መልእክት ይመጣል፦ «ዕቃው ኮምቦልቻ ጉምሩክ ገብቷል፣ ማስለቀቂያ ትንሽ ጨምር»። ከዚያ ሌላ ትንሽ። ከዚያ ብሎክ። ጎረቤታችን እንዲህ ተበልቶ ፖሊስ ጋ መሄድ ፈራ። ምን ብሎ ያመልክት? ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ ዕቃ ላስመጣ ነበር ይበል? ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ የሚተማመነውም በዚህ ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካ የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ በሕግ ይሸጣል፤ ከ1934 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በልዩ ሕግ ሥር ነው። የ200 ዶላር ቀረጡ በ2026 መጀመሪያ ላይ ዜሮ ሆኗል፣ የመንግሥት ማጽደቂያው ግን አልቀረም። ገዢው ብዙ ጊዜ ሙሉውን ከፍሎ ይጠብቃል፤ ዕቃው እስኪጸድቅ ድረስ ሱቁ ውስጥ ይቆያል። በዚህ መሀል ሱቁ ቢከስር ገዢው ገንዘቡን ለማስመለስ ከአበዳሪዎች ጋር ይሰለፋል። ሕጋዊ ሱቅ፣ ሕጋዊ ዕቃ፣ ግን ያው ጭንቀት።

ፈቃድ ያለው ነጋዴ አገኘሁ የምትሉም አትቸኩሉ። ንግድ ፈቃዱን እዩ፣ ዘርፉንም አንብቡ፤ በኤሌክትሮኒክስ ፈቃድ መነፅር የሚሸጥ ሰው የናንተን ገንዘብ ነው የሚያነጣጥረው። ክፍያው በግል ስም ሳይሆን በድርጅቱ ሒሳብ ይግባ። በብጣሽ ወረቀት ላይ «ተቀብያለሁ» ብሎ መፈረም ደረሰኝ አይባልም።

ውሉንም በደንብ አስጽፉ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885 ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ደስ ይላል፤ ግን ፈቃድ ሲከለከል የተወው ማነው? ሻጩ «አንተ ነህ» ይላችኋል። ስለዚህ «ገዢው ፈቃድ ካላገኘ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከነመመለሻ ቀኑ ይግባ። ሻጩ ይህን አልጽፍም ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል። ዕቃው ራሱ ሕገ ወጥ ከሆነ ደግሞ ውል መጻፉ አያድናችሁም፤ በአንቀጽ 1716 መሠረት ሕገ ወጥ ነገር የሚያዝ ውል ውጤት የለውም።

የሐይቁ ወንድማችን፣ አባትህ የመሣሪያ ፈቃዳቸውን ይዘው መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ይጠይቁ። ይፈቀዳል ከተባለ ያኔ ስለ ሻጭ እናወራለን። አይፈቀድም ከተባለ አንድ ብር ሳታወጣ ተገላገልክ። እስከዚያ ሳጥኑን አሠራ፤ ልኬቱን ግን በስልክ አትንገራቸው፣ ጠመንጃውን ከአፈሙዝ እስከ ሰደፍ ለክተህ ቁጥሩን ጽፈህ ሂድ።