ያለ ረዳት የአየር ፍሬንን በትክክል መፈተሽ ይቻላል?

ባለተሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ ጎማ፣ ዳዶና መብራት ጠዋት ጠዋት ሳላይ አልነሳም። ፍሬኑ ላይ ግን ፔዳሉን ረግጬ ከማየት ያለፈ አላደርግም። ብቻዬን ስሆን እንዴት ነው የሚፈተሸው? ሌላው፣ የአየር ታንኩን ሳፈስ ከውሃው ጋር ጥቁር ቅባት ይወጣል። ኮምፕረሰሩ አልቆ ነው? መኪናው ሳቢና አንድ ተሳቢ ሲሆን ፍሬኑ ባለ ታምቡር ነው።

የፍሬን ባለሙያ፦
ወንድሜ፣ በአየር ፍሬን ላይ ፔዳሉን አትመን። በዘይት ፍሬን ክፍተቱ ሲሰፋ ፔዳሉ ይሰምጣል። በአየር ፍሬን ግን ፔዳሉ አየር የሚለቅ ቫልቭ ብቻ ስለሆነ ሸራው (ተጭኖ የሚያቆመው ክፍል) ከታምቡሩ (ከጎማው ጋር ከሚዞረው ከበሮ) ምንም ያህል ቢርቅ እግርህ አያውቀውም። የሚያውቀው ከቻምበሩ (አየሩ ገብቶ ዘንጉን ከሚገፋበት ጣሳ) የሚወጣው ዘንግ ነው።

ሜዳ ላይ አቁምና ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ ያዝ። የእጅ ፍሬኑን ልትለቅ ስለሆነ ያለ ታኮ ከመኪናው ሥር እንዳትገባ። ታንኩ ከ90 እስከ 100 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ሲይዝ ሞተሩን አጥፋ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ፣ ዘንጉ ከቻምበሩ በሚወጣበት ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጠህ በፔዳሉና በመቀመጫው መካከል በልኩ የተቆረጠ እንጨት አስገባ። ከዚያ ምልክቱ ስንት እንደራቀ ለካ። ቁጥር 30 መደበኛ ቻምበር ከሆነ ገደቡ 51 ሚሊ ሜትር ነው። የአየር መግቢያው ዙሪያ አራት ማዕዘን የሆነው፣ ዘንጉ ረዘም የሚሄድበት ዓይነት ደግሞ 64።

ገደቡ ላይ ያለ ዘንግ ታምቡሩ ቀዝቃዛ እያለ ይይዛል፤ አታላይነቱም እዚህ ላይ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ታምቡሩ ግሎ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል፣ ዘንጉ ገና መሄድ ሲኖርበት ቻምበሩ ውስጥ መሄጃ ያጣል።

ናፍታ፦
የአየር ማፍሰሱንም አብረህ እይ፣ ታኮው እንዳለ። አየሩ ሞልቶ ኮምፕረሰሩ መሙላት ሲያቆም (ብዙዎቹ ላይ 120 አካባቢ) ሞተሩን አጥፋ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ። በአንድ ደቂቃ ከ3 ፒኤስአይ በላይ መውረድ የለበትም። ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ የመጀመሪያውን መውረድ ተወው፣ ከዚያ በኋላ ባለው ደቂቃ ገደቡ 4 ነው። ካለፈ የሳሙና ውሃ ይዘህ ከተሳቢው ማያያዣ ላስቲኮች ጀምር። ቀጥሎ ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ፦ ማስጠንቀቂያው 60 አካባቢ መጮህ፣ የእጅ ፍሬኑ ቁልፍ ከ45 እስከ 20 ባለው ራሱ መውጣት አለበት።

ቅባቱ ትንሽ ከሆነ አያስደነግጥም። ከበዛ የኮምፕረሰሩ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ሊሆን ይችላል፤ ግን ኮምፕረሰር ከመቀየርህ በፊት የአየር መግቢያው መታፈኑን እይ። የአየር ማድረቂያውንም ፊልትሮ ቀይር፣ ዘይት ከጠጣ አያደርቅም። ዝም ካልከው የቫልቮቹን ላስቲክ ያበላሻል።

ባለተሳቢ፦
አመሰግናለሁ። ለካሁ። የሳቢው የኋላ አክስል ቀኙ 44፣ ግራው 57 ሚሊ ሜትር። ቻምበሮቹ ሁለቱም ቁጥር 30 መደበኛ ናቸው፣ የሸራውን ክፍተት የሚያጠብበው ማስተካከያ አውቶማቲክ ነው። ግራውን በቁልፍ አጥብቄ ልነሳ?

የፍሬን ባለሙያ፦
አይሆንም፣ እባክህ። አውቶማቲኩ ራሱ ማጥበቅ ሲገባው ካላጠበቀ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። በእጅ ብታጠብቀው ልኩ ለጥቂት ቀን ይስተካከላል፣ ብልሽቱ ግን እዚያው ይቆያል። በቁልፍ የሚጠበቀው የእጅ ማስተካከያ ያለው ነው፦ ሸራው ታምቡሩን እስኪነካ፣ ከዚያ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ።

ያንተ ግራው 51ን አልፏል፤ ሳይጠገን አይጫንበትም። ሸራውን የሚከፍተውን የኤስ ቅርጽ ዘንግ በእጅህ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅስ። ከተንቀጠቀጠ ቡሺንጉ አልቋል፣ አልዞር ካለ ግራሶ አጥቶ ደርቋል። ከቻምበሩ የሚወጣው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ፒንና ቀዳዳውም መበላቱን እይ። እነዚህ ደህና ከሆኑ ማስተካከያው ራሱ ይቀየር፣ በአንድ አክስል ላይ ደግሞ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ይሁን።

ስትፈታ የቻምበሩን የኋላ ክፍል የያዘውን ቀለበት እንዳትነካ። ውስጡ የታመቀ ስፕሪንግ አለ፣ ፈንጥሮ ሰው ይገድላል።