ጋዙ በኬብል የሆነ ሞተር ሳይክል፦ የጋዝ መያዣ ወይስ ክሩዝ ኮንትሮል?

ቀኝ እጅ
ሞተር ሳይክሌ ባለ 2 ሲሊንደር፣ ባለ ካርቡራቶር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ነው። ረጅም መንገድ ላይ የቀኝ እጄ አንጓ ይደነዝዛል። የጋዝ እጀታው ላይ ታስሮ በከፈትኩት ልክ የሚያቆመው የጋዝ መያዣ ይበቃል ወይስ በቫክዩም (በሞተሩ አየር የመሳብ ኃይል) የሚሠራ ክሩዝ ኮንትሮል (ፍጥነትን በራሱ የሚጠብቅ መሣሪያ) ልግጠም? የፍሬን መብራቱ በኤልኢዲ ተቀይሯል፤ ይህስ ችግር አለው?

ቺያቬ 10
ጋዝ መያዣው የሚይዘው እጀታውን እንጂ ፍጥነቱን አይደለም። ዳገት ላይ ሞተሩ ይደክማል፣ ቁልቁለት ላይ ይሮጣል። ሜዳ ላይ እጅ ለማሳረፍ ግን ይበቃል።

ስትገጥመው አታጥብቀው። ተቆልፎም ቢሆን እጀታውን በአንጓህ ብቻ ወደ ኋላ መመለስ መቻል አለብህ፤ ሁለት እጅ ከፈለገ ጠብቋል ማለት ነው። ሲፈታ ደግሞ ጋዙ በራሱ "ጧ" ብሎ መዘጋት አለበት። ቀስ ብሎ ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ የእጀታው ጎማ ከጫፉ ክብደት ጋር እየተፋተገ ነው፤ በመካከላቸው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተው፣ የተረፈውን ጎማ በምላጭ ቁረጠው።

መዳፍ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ፕላስቲክም አለ፣ ርካሽ ነው። እኔ በከተማ ውስጥ አልመክረውም፤ ፍሬን ልትይዝ ጣትህን ስትዘረጋ መዳፍህ ይጫነውና ጋዝ ትሰጣለህ።

ባለ ሪሌይ
ፍጥነት እንዲይዝልህ ከፈለግህ ቫክዩሙ ነው፤ ሥራው ግን ብዙ ነው። ከካርቡራቶር በኋላ ካለው የአየር ማስገቢያ አንገት ቫክዩም ትወስዳለህ። ከ2ቱም ሲሊንደር ከወሰድክ በየቱቦው ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ አድርግ፣ አለበለዚያ ሲሊንደሮቹ አየር ይሻማሉ፣ ስራ ፈት ዙሩ (ጋዝ ሳይሰጥ ያለው የሞተር ዙር) ይዛባል። ቀጥሎ የቫክዩም ማጠራቀሚያ ጣሳ አስገባ፤ ዳገት ላይ ጋዝ ሲከፈት ቫክዩሙ ስለሚወድቅ ያለ ጣሳ ፍጥነቱን ይለቀዋል።

ፍሪሲዮኑን አትርሳ። ክሩዙ እንደያዘ ፍሪሲዮን ከጨበጥክ ሞተሩ ይጮሃል። ወይ ክሩዙ የሞተር ዙሩን ከማቀጣጠያው ኮይል እንዲያነብ አድርግ፣ ወይ የፍሪሲዮን ስዊች ጨምር።

አሁን ወደ ኤልኢዲው፦ አዎ፣ ችግር አለው። ብዙዎቹ የክሩዝ መሣሪያዎች ፍሬን ሳይያዝ በአምፖሉ ክር በኩል ኔጌቲቭ ማግኘት ይፈልጋሉ። ኤልኢዲ ያንን አያሳልፍም፤ መሣሪያው ሽቦ የተቆረጠ መስሎት አልይዝም ይላል። ባለ 5 እግር ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚቀያየር ስዊች) ግዛና በእግሮቹ ቁጥር አገናኝ፦ 86 ከፍሬን መብራት ሽቦ፣ 85 ከኔጌቲቭ፣ 30 ከክሩዙ የፍሬን ሽቦ፣ 87ኤ ከኔጌቲቭ፣ 87 በፊውዝ ከ12 ቮልት ፖዘቲቭ። ፍሬን ሳይያዝ ኔጌቲቭ፣ ሲያዝ 12 ቮልት ያገኛል።

ቀኝ እጅ
የፊቱም የኋላውም ፍሬን ያጠፋዋል?

ባለ ሪሌይ
ሁለቱም ስዊቾች መብራቱን የሚያበሩ ከሆነ አዎ። የፊቱ ስዊች ብዙ ጊዜ በአቧራ ይበላሻል፣ መጀመሪያ እሱን ለብቻው ፈትሽ።

ቺያቬ 10
ኬብሉን ስታገናኝም ጋዙ ሲዘጋ የክሩዙ ኬብል ትንሽ ላላ ይበል። ከዚያ ሞተሩን በስራ ፈት አስነሣና መሪውን ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ አዙር። ዙሩ ከጨመረ ኬብሉ አንድ ቦታ ተወጥሯል፤ መንገዱን ቀይር እንጂ ማስተካከያውን በማላላት አትሸፍነው።