የበር ላይ ቺብስና የጠፋው የስፖርት ክፍለ ጊዜ፦ ከየት ልጀምር?

የሳቢያን እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለት ልጆች አሉኝ። አንዷ 3ኛ፣ አንዱ 6ኛ ክፍል ናቸው። ዘንድሮ ሳላስበው የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ "ልጆቹ ግን ምንድን ነው የሚበሉት?" ብዬ አፌን ከፈትኩ። በቃ፣ "አንቺው አጥንተሽ አምጪ" ተባልኩ።

ሦስት ቀን በእረፍት ሰዓት በሩ ጋ ቆሜ አየሁ። ሻጮቹ ስድስት ናቸው። ቺብስ፣ ከረሜላ፣ ለስላሳ፣ ሳምቡሳ፣ በፌስታል የታሰረ ቀይ ጭማቂ። ፍራፍሬ የያዘችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ እሷም ሙዝ ብቻ። ቁርስ ሳይበላ የሚመጣው ልጅ ደግሞ ብዙ ነው። የእኔንም አልደብቅም፤ ዳቦ በሻይ ጎርሶ ነው የሚሮጠው። ምገባው ያለው ለታችኞቹ ክፍሎች ነው፣ ትልቁ ልጄ አይደርሰውም።

ሌላው ስፖርት ነው። ልጄ "እማ፣ ስፖርት የለንም፣ ሒሳብ ማካካሻ ነው" ማለት ከጀመረ ወር አልፎታል። ቢኖርስ? ሜዳው ላይ አንድ ዛፍ የለም። በ6 ሰዓት የድሬ ፀሐይ ማን ይሮጣል?

ኮሚቴው እጅ ላይ ያለው 18 ሺህ ብር ነው። ገሚሱ "ሻጮቹን እናስነሳ" ይላል። እኔ ልቤ አልወደደውም፣ ግን የተሻለ ሐሳብም የለኝም። ምን ትላላችሁ?

ባለ ፊሽካው

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ስለዚህ ከስፖርቱ ልጀምር፣ አትታዘቢኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት 420 ደቂቃ ማለት ነው። የእኛ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢኖርና አንዱም ባይነጠቅ 80 ደቂቃ። እሱም በወረቀት ላይ ነው። ስም ጠራሁ፣ አሰለፍኩ፣ ለ60 ልጅ አንድ ኳስ ወረወርኩ ስል ያልቃል። አሥሩ ጎበዞች ይጫወታሉ፣ ሃምሳው ይቆማል። ሴቶቹ ጥግ ይዘው ያወራሉ። እኔ ራሴ ለዓመታት እንዲህ ነው ያስተማርኩት፣ ማን ላይ እጠቁማለሁ?

አሁን የማደርገው ይኸውልሽ። ገመድ በሜትር ገዝቼ ቆረጥኩት። ክፍሉን ስድስት ቦታ እከፍለዋለሁ። አንዱ ገመድ ይዘላል፣ አንዱ ሱዚ፣ አንዱ አባሮሽ፣ አንዱ በካልሲ ኳስ ቅብብል። በየ5 ደቂቃው በፊሽካ ይቀያየራሉ። የቆመ ልጅ የለም። ሱዚ ስትሏቸው ጥግ የነበሩት ሴቶች ናቸው የሚቀድሙት፤ ወንዶቹ ያፍራሉ፣ በኋላ ይለምዱታል። ቀሚስ ለብሳ የመጣች ልጅ ከሥር ሱሪ እንድትለብስ ብቻ ፍቀዱላት። በቁምጣ ካልሆነ አይሆንም የሚል መምህር ነው ልጆቹን ያስቀረው።

ሙቀቱን በተመለከተ መፍትሔው ፕሮግራሙ ላይ ነው። ስፖርት 1ኛና 2ኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ይግባ። ይህን ርዕሰ መምህሩን የምትጠይቁት ግን ፕሮግራም ሲወጣ ነው። በመሃል ከሆነ ሌላው መምህር ሁሉ ይነሳባችኋል። ለዚህ ሴሚስተር "ስፖርት የወሰደ መምህር በሳምንቱ ይመልስ" የሚል ቃል ብቻ ተቀበሉ፣ በጽሑፍ።

ድሬ ነባር

እኛ እኮ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በእግራችን ነበር የምንመላለሰው። ምን ቺብስ፣ ምን ስፖርት ክፍለ ጊዜ! የዛሬ ልጅ ለሁለት ፌርማታ ባጃጅ ይላል። ሻጮቹን አስነሱና ገላግሉን።

ከበር ላይ

አባባ፣ እኔ ከሚነሱት አንዷ ነኝ። ሳቢያን አይደለም የምሸጠው፣ ለገሃሬ በኩል ነው፣ ግን ሥራው አንድ ነው።

እህቴ፣ ለምን ቺብስ እንደምንሸጥ ልንገርሽ። ቺብስ አይበላሽም። ዛሬ ካልተሸጠ ነገ ይሸጣል። ሙዝ ግን በዚህ ሙቀት እስከ 8 ሰዓት ይጠቁራል፣ ኪሳራው የእኔ ነው። ቺብሱን አከፋፋዩ በዱቤ ይሰጠኛል። ሙዝ በዱቤ የሚሰጠኝ የለም። ልጁ ደግሞ የያዘው 5 ብር ነው፤ በ5 ብር ምን ፍሬ ይመጣል?

ካስነሳችሁን የትም አንሄድም። አስፋልቱን ተሻግረን እንቆማለን። ልጆቹ ይከተሉናል፣ በባጃጅ መሃል እየተሹለኮለኩ። አቦ፣ ይህን አይቼዋለሁ፣ አንድ ጊዜ አባረውን ነበር።

ጥላ ከሰጣችሁኝና ውሃ የምታጠብበት ካሳያችሁኝ ቆሎ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ለውዝ እሸጣለሁ። ትርፉ ከቺብስ አያንስም። ለውዝ በወረቀት ጠቅልዬ በ5 ብር መስጠት እችላለሁ። ሳልጨርስ የሚያድር ነገር ብቻ አታሸክሙኝ።

ነርስ ከመልካ ጀብዱ

ከላይ ያለችው እህት ከኮሚቴው በላይ ገብቷታል። ለሳቢያን እናት ጥቂት ልጨምር።

300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 32 ግራም አካባቢ ስኳር አለ። ስምንት የሻይ ማንኪያ ነው። በቀን 1,600 ካሎሪ ለሚበላ ልጅ የተጨመረ ስኳር ከ40 ግራም እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ከዚያ በታች ቢሆን ደግሞ ይሻላል። አንድ ጠርሙስ ከአምስት እጁ አራቱን ወሰደ ማለት ነው። ጠዋት ቤት ሦስት ማንኪያ ያለው ሻይ ጠጥቶ ከመጣ አልፎታል። ለወላጆች ስትናገሪ "ስኳር ጎጂ ነው" አትበያቸው፣ ማንም አይሰማሽም። ስምንት ማንኪያ ስኳር ብርጭቆ ውስጥ ቆጥረሽ ገልብጪና አሳያቸው።

ሻይ ካነሳን አይቀር፦ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ሰውነት ከእህልና ከጥራጥሬ ብረት እንዳይወስድ ያግዳል። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን (ጓቫ) ግን ያግዛሉ። ዘይቱንን የምንንቀው ርካሽ ስለሆነ ነው እንጂ ቫይታሚን ሲው በግራም ሲለካ የብርቱካንን አራት እጥፍ ይሆናል። እንደ ሙዝም ቶሎ አይጠቁርም። ለሻጮቹ እሱን አስቡላቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ውሃ። ከሰዓት በኋላ "ራሴን አመመኝ" እያለ የሚመጣብኝ ልጅ ግማሹ በሽተኛ አይደለም፤ ጠዋት ከቤት ከወጣ ጀምሮ ውሃ አልጠጣም። ለስላሳውንም የሚገዛው ጠምቶት ነው። ግቢው ውስጥ የሚጠጣ ውሃ አለ?

አንድ አደራ፦ ጤና ምርመራ ብላችሁ ልጆችን በክፍል ፊት አትመዝኑ። ወፍራሙም ቀጭኑም እስኪመረቅ ስም ይወጣለታል።

የሳቢያን እናት

ጉድ ነው፣ ውሃውን ጭራሽ አላሰብኩትም። ቧንቧ አለ፣ የሚመጣው ግን አንዳንድ ቀን ነው። ልጆቹም "ጨው ጨው ይላል" ብለው አይጠጡትም። የእኛ ቤት ጀበና እንኳ ውስጡ ነጭ ኖራ ሠርቷል። ይሄ ውሃ ለልጅ ይሆናል?

ነርስ ከመልካ ጀብዱ

ነጩ ነገር በአብዛኛው ካልሲየም ነው። የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ስለሆነ ነው። ጀበና ያበላሻል እንጂ ልጅ ውሃ እንዲከለከል ምክንያት አይሆንም። የሚያሳስበኝ ዕቃው ነው። ሮቶ ከገዛችሁ ክዳን ያለው ይሁን፣ ጥላ ሥር ይቀመጥ፣ በየጊዜው ይታጠብ፣ ሲሞላ በውሃ ማከሚያ ይታከም። የጋራ ኩባያ አታስቀምጡ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ኮዳ ወይም አሮጌ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያምጣ። ቀዝቀዝ ሲል ጣዕሙም ይሻላል።

የሐረር ልጅ

ለውዝ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ የባቢሌ ጎረቤት ነኝ። እኛ ለውዝ የምንለው፣ ሌላው ኦቾሎኒ የሚለው። አንድ እፍኝ፣ 30 ግራም ያህል፣ ፕሮቲኑ ከአንድ እንቁላል አያንስም። ከሽምብራ ቆሎ ጋር ሲቀላቀል ሆድ ይይዛል።

ግን ዋጋው ወረደ ብላችሁ ያገኛችሁትን አትግዙ። እርጥበት ያገኘው ለውዝ ይሻግታል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል። መርዙ ጉበት ይጎዳል፣ በመቁላትም አይጠፋም። የተሸበሸበውን፣ የጠቆረውን፣ ሲቀመስ የሚመረውን ጣሉ። ለውዝ የማይስማማው ልጅም ይኖራል። ከንፈሩ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ካለ ወላጅ ቀድሞ ያስመዝግብ።

(ሐረር ደግሞ አየሩ ደህና ነው፣ በ6 ሰዓትም ኳስ እንጫወታለን። አትቅኑ።)

እማማ መጋላ

ልጆቼ፣ ጾሙን አትርሱ። በረመዳን ትልልቆቹ ይጾማሉ። ያን ወር ሩጫው ቀለል ይበል፣ የማይጾመው ልጅ ግን ውሃውን አይከልከል። የእኛዎቹም ሑዳዴ ሲገባ ወተትና እንቁላል ይቀራል። ያኔ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ለውዙ ነው የሚይዛቸው። ቁርስ ቢጠፋ የትናንት ሽሮ በእንጀራ ጠቅልላችሁ ላኩ። ምን ነውር አለው?

የሳቢያን እናት

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

18 ሺው እንዲህ ሄደ። ትልቁን ክፍያ የወሰደው ሮቶና ቧንቧው ነው። በቀረው ገመድ ገዛን፣ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ የሰኞ ማክሰኞ መጫወቻ በቀለም አሠመርን። በረንዳው ጥላ ስላለው አሁን በእረፍት ወረፋ ነው። አንዲት መምህርት ስትዘል ታይታ ሚኒ ሚዲያ ላይ ተነገረባት።

ሻጮቹን ቁጭ ብለን አነጋገርናቸው። ከስድስቱ አራቱ ለውዝና ቆሎ ጀምረዋል፣ ሁለቱ ዘይቱን አመጡ። ቺብሱ አልቀረም፣ አልዋሽም። ቀዩ ጭማቂ ግን ቀርቷል፤ ሻጩ ራሱ "በምን እንደሚሠራ ስለማላውቅ ለልጄም አልሰጥም" አለ።

ስኳሩን በብርጭቆ ያሳየሁ ቀን አንድ አባት "ይህን ሁሉ?" ብሎ ተነሥቶ በጣቱ ቀመሰው። ከዚያ በኋላ እኔ ብዙ መናገር አላስፈለገኝም።

ስፖርቱ ገና ነው። ማካካሻ የሚወስዱት መምህር ፈርመዋል፣ ግን እስካሁን የመለሱት አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። መስከረም ላይ ፕሮግራም ሲወጣ እዚያው ቆሜ አድራለሁ።

አሁን የቸገረኝ ለሻጮቹ ቃል የገባሁት ጥላ ነው። ገንዘቡ አልቋል። ወፍራም ሸራ በደህና ዋጋ የት አገኛለሁ?

ከበር ላይ

አዲስ ሸራ አትግዢ እህቴ፣ ይወደድብሻል። ያገለገለ የጭነት መኪና ሸራ ጠይቂ፣ እሱ ነው የድሬን ፀሐይ የሚችለው። ቀፊራ ገበያ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ አንቺን ካዩ ዋጋ ይጨምራሉ። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ይመችሻል?